ኤም ጂ ቢ ከ4000 ዙር በላይ ይለግማል፤ ምርመራውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። የ1967 ሞዴል ኤም ጂ ቢ ስፖርት መኪና አለኝ፤ ሞተሩ 1798 ሲሲ ሲሆን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ኤስ ዩ የሚባሉ ካርቡራተሮች አሉት። የገዛሁት አራት ዓመት ሳይነዳ ከቆመበት ጋራዥ ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳው ምንም እንከን አላይበትም፤ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስጫነው ግን በደቂቃ ከ4000 ዙር በላይ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል በደንብ ይጎትትና ሰው ከኋላ ይዞ የሚስበው ይመስል ድንገት ይለግማል፤ አንዳንዴም በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል። እግሬን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ካነሣሁለት ወዲያው ይነቃል። ማርሽ ሳላስገባ በቆመበት ስረግጠው እስከ 6000 ዙር ያለ ምንም ችግር ይወጣል። ካንዴላዎቹን ቀይሬአለሁ፤ የሁለቱንም ካርቡራተሮች የቅልቅል ማስተካከያ ዳዶ በሁለት ጎን አዙሬ ሞክሬአለሁ፤ ያመጣው ለውጥ የለም። አሁን የካርቡራተሮቹን መርፌዎች (የሚያልፈውን ቤንዚን መጠን የሚወስኑትን ሾጣጣ ዘንጎች) ቀይሬ ልሞክር አስቤ ነበር፤ ከማዘዜ በፊት ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ መካኒክ)

ወንድሜ፣ መርፌውን ለጊዜው ተወው። መኪናው በዚያው መርፌ አሥራ አምስት ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ከጎተተ መርፌው ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም፤ መርፌ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይታወቅህ ነበር። እኔ በጻፍከው ውስጥ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚያች አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ከታንኩ የሚመጣው የሚቃጠለውን ያህል ስለማይሆን ይራባል። በቆመበት 6000 ዙር መውጣቱም አያታልልህ፤ ጭነት የሌለው ሞተር የሚፈልገው ቤንዚን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ብር የማያስወጣ ዘዴ አለ። መልገም ሲጀምር ቾኩን በጥቂቱ ሳብ። ኤስ ዩ ላይ ቾክ ማለት ጀቱን (ቤንዚኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ) ዝቅ አድርጎ ቤንዚን መጨመር ስለሆነ፣ ለአፍታም ቢሆን ከተሻለው ችግሩ የቤንዚን ማነስ ነው፤ ከባሰበት ግን ወደ ሌላ እንሄዳለን። ቀጥሎ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ፈትተህ ጫፉን ማሰሮ ውስጥ አስገባና በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቤንዚን ፓምፕ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ሲሠራ ለካ። ይህ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ፣ ማለትም በ95 የፈረስ ጉልበት ሲሠራ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ገደማ ቤንዚን ስለሚበላ፣ ማሰሮው ውስጥ ከዚያ በግልጽ የበለጠ መገኘት አለበት። ይህን ስትሠራ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ የእሳት ማጥፊያም ከአጠገብህ አይለይ።

መልስ (ከዴንቨር)

የጋሼ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም የእሳቱን መስመር (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል) ሳያጣሩ እንዳያልፉ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የደከመ ኮይል (የእሳቱን ኃይል የሚያመነጨው) እና የዛለ የፖይንት (የእሳቱ ማብሪያ ማጥፊያ) ስፕሪንግም በከፍተኛ ዙር ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። የፖይንቱ ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆኑን ይለኩ። እሳቱ የሚነሣበትን ጊዜ በሚያሳየው በታይሚንግ መብራትም ዙሩ ሲጨምር እሳቱ ወደ ፊት መቅደሙን፣ በከፍተኛ ዙርም 30 ዲግሪ ገደማ መድረሱን ይመልከቱ፤ ብዙ ዓመት በቆመ ዲስትሪቢዩተር (የእሳት አከፋፋይ) ውስጥ ያሉት እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ዝገው ይያዛሉ። ጓደኛዎ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ እርስዎ የአየር ማጣሪያውን አንሥተው የካርቡራተሩ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ቢያዩም ጥሩ ነው። እኔ በራሴ መኪና አንድ ወር የለፋሁበት ችግር ምክንያቱ ከፔዳሉ ሥር የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካርቡራተሩ በር ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ፖይንቱ 0.38 ሚሊሜትር ነው፤ እሳቱም ሳይቆራረጥ 31 ዲግሪ ድረስ ይቀድማል። ቾኩን ዳገቱ ላይ ስስበው መኪናው ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ነቅቶ እንደገና ለገመ። በማሰሮው ፈተና ቤንዚኑ መጀመሪያ በኃይል ሲፈስ ቆይቶ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ እየቀጠነ ሄደና በደቂቃው መጨረሻ የተጠራቀመው ከሦስት መቶ ሚሊ ሊትር አልበለጠም። የፓምፑም ድምፅ እየዘገየ መጣ፤ በእጄ ስነካው ይፋጃል። ፓምፑን ልቀይረው?

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ መካኒክ)

አትቀይረው። ኤስ ዩ ፓምፕ ሲግልና አመታቱ ሲዘገይ ከበስተኋላው፣ ማለትም በሚስብበት በኩል፣ የታፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ከፊቱ ቢዘጋበት ዝም ብሎ ይቆም ነበር፤ አየር ቢስብ ደግሞ ሳያርፍ ይንጣጣ ነበር። መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ላላ አድርገህ ፈተናውን ድገመው፤ አየር ማስገቢያው ተደፍኖ ከሆነ ፍሰቱ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ በታንኩና በፓምፑ መካከል ያለውን አጭር የጎማ ቱቦ አውልቀህ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀው። ከውጭ አዲስ ቢመስልም አትመነው፤ እናንተ ዘንድ አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት የድሮውን ጎማ ከውስጥ እየላጠ ይበላዋል።

የጠያቂው ምላሽ

ክዳኑን ማላላት ለውጥ ስላላመጣ ቱቦውን አውልቄ ሰነጠቅሁት። ውጩ ለስላሳ ጥቁር ነው፤ የውስጡ ሽፋን ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቆ ምላስ ሠርቷል። ፓምፑ ሲስብ ምላሱ ወደ ቀዳዳው እየተጠጋ ይደፍነዋል፤ ሲያርፍ መልሶ ይለቀዋል። የሁለቱንም ካርቡራተሮች ጎድጓዳ ከፍቼ ሳይም ከታች እንደ ቡና አተላ የደቀቀ ጥቁር ጎማ አገኘሁ። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ኢታኖል በሚችለው አር 9 በሚባለው ዓይነት ቀየርኋቸው፤ የፓምፑን ማጣሪያና ጎድጓዳዎቹንም አጠብሁ። አሁን ማሰሮው ውስጥ በአንድ ደቂቃ ከስምንት መቶ ሚሊ ሊትር በላይ ይገባል፤ ትናንት በዚያው ዳገት እስከ 5400 ዙር ሳይለግም ወጣልኝ። ያለ ምክንያት ያዞርኋቸውን የቅልቅል ማስተካከያዎች ወደ ነበሩበት መልሻለሁ፤ ቅዳሜ ሞተሩን አሙቄ ሁለቱንም ካርቡራተሮች እንደገና አመጣጥናቸዋለሁ።