የ7ኛ ክፍል ልጆቼ ለጽሑፋቸው ግብ አውጥተው ረሱት፣ ምን ላድርግ?

ሰላም መምህራን፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፍላችሁ። 7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፣ በአንድ ክፍል 58 ልጆች አሉኝ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ ድርሰቱን ለማሻሻል አንድ ግብ ደብተሩ ጀርባ ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። አብዛኞቹ «ጎበዝ ጸሐፊ እሆናለሁ»፣ «ቆንጆ አድርጌ እጽፋለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ ያየው የለም።

አንዷ ግን «ዓረፍተ ነገሬን በአራት ነጥብ እዘጋለሁ» ብላ ነበር። ድሮ ገጹን ሙሉ «እና» «እና» እያለች ሳትተነፍስ ነበር የምትጽፈው። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ሳይ 9 አራት ነጥብ ቆጠርኩ፣ ለካ እሷም ቀድማኝ ቆጥራ ቁጥሩን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ትንሽና የሚቆጠር ግብ እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ።

የከበደኝ ሌሎቹን እዚያ ማድረስ ነው። አንድ ልጅ አለ፣ የአያቱን በሬ ታሪክ ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ጻፍ ስለው ሦስት መስመር። «ቲቸር፣ ሚኒስትሪ ላይ ምርጫ እንጂ ድርሰት አይመጣም» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ግቡን እኔ ልምረጥላቸው ወይስ ራሳቸው? በስንት ጊዜ ይታይ? ማርክ ልስጥበት ወይስ ለማርኩ ብቻ ይሠሩታል? የ58 ልጅ ደብተር በየሳምንቱ ማረም አልቻልኩም፣ እርስ በርስ ተያዩ ስላቸው ደግሞ ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ የሠራላችሁ ካለ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።