የሕፃን ጋሪ ጎማ ወልቆብኛል፤ ነገ ሌሊት ከደብረ ብርሃን ወደ እንጦጦ ፓርክ ተነሺ ነኝ

ጠያቂ፦ እናት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ እገባለሁ። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን እንጦጦ ፓርክ ለመዋል ዝግጅታችንን ጨርሰን ሳለ፣ አሁን ማምሻውን የልጄ ጋሪ የፊት ጎማ ወልቆ ወደቀ። ጎማው ራሱ ደኅና ነው፤ የተሰበረችው በዘንጉ ጫፍ ቀዳዳ ገብታ ጎማውን የምትይዘው ቀጭን ሽቦ ናት፤ ግማሿም እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ቀርታለች። ሱቆች ተዘግተዋል። ልጄ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ ጥቂት ጥቂት ትራመዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ግን በክንድ ልትያዝ አትችልም። ቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ጋሪውን መጠገን የሚቻልበትን ዘዴ የምታውቁ፣ ካልሆነም ያለ ጋሪ እንዴት እንደሚዋል ልምዱ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። ከመጫወቻዎቹም የትኞቹ ላይ ልትወጣ እንደምትችል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አያት ከአንኮበር

ልጄ፣ ስለ ጎማው አትጨነቂ። አንቀልባ ካለሽ እሱን ያዢ፤ ከሌለሽም በጠንካራ ነጠላ ወይም በማዘያ ጨርቅ እዘያት። እኛ ልጆቻችንን አዝለን የአንኮበርን ዳገት ወጥተናል፤ ወርደናልም። ጀርባሽ ላይ ከሆነች እንቅልፏም አይታወክም፤ እጆችሽም ለሌላው ሥራ ነጻ ይሆናሉ። እግሮቿ ወገብሽን ግራና ቀኝ አቅፈው፣ ጉልበቶቿ ወደ ላይ ከፍ ብለው እንዲያርፉ አድርጊ፤ ቀጥ ብለው ወደ ታች የተንጠለጠሉ እግሮች ለዳሌዋ አይበጁም። ስትተኛም አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይጣበቅ፣ ፊቷም በጨርቁ እንዳይሸፈን ሰው እየዞረ ይይልሽ።

የጤና ባለሙያ ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ከጋሪው በፊት ልታስቢባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ስላሉ በትዕግሥት አንብቢልኝ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከቆላ የሚመጣ ሕፃን እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ በድንገት ሲውል ሊነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎቱም ሊቀንስ ይችላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረርም ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ ሰው ፀሐዩ የሚጎዳ አይመስለውም፤ የልጆች ጉንጭ የሚቃጠለው ግን በእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ አድርጊላት፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜም ከዛፍ ጥላ ሥር አትውጡ።

ስለ ምግብም ልጨምር። ጡት የምትጠባ ከሆነ በመንገድ ምክንያት አታቋርጪ። የተፈላ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ያዢ። ከቤት የሚወሰድ ገንፎ ወይም የተፈጨ ምግብ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ስለሚበላሽ፣ እንደ ሙዝና በደንብ እንደ ተቀቀለ ድንች ያሉትን ብትመርጪ ይሻላል። ድንገት ተቅማጥ ቢጀምራት አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ ስጫት፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ ስለ ቆሎ፣ ስለ ፈንዲሻና ስለ ኦቾሎኒ ነው። በመዝናኛ ቦታ ሁሉም ሰው እጁ ላይ አንዱን ይይዛል፤ ሕፃን ያየ እንግዳም በፍቅር አንድ ሁለት ፍሬ አፏ ላይ ያኖራል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ መንጋጋ ጥርሱ ገና ስላልተሟላ ፍሬውን ሳያደቅ ይውጠዋል፤ ወደ አየር ቧንቧው ከገባም ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንደዚሁ አደገኛ ነው።

አባት ከመሐል ሜዳ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በጉዞው ሐሳብ ራሱ አልስማማም። አንድ ዓመት የሞላት ሕፃን በሌሊት ውርጭ ተነሥታ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ከዚያም በሕዝብ መካከል ውላ፣ በዚያው ቀን መመለስዋ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደስታው በእጁ የሚዳስሰው ነገር ነው፤ በግ፣ ውኃ፣ አፈርና የእናቱ ፊት ይበቁታል። ሦስት ዓመት እስኪሞላት ቢጠብቁ ያየችውን ታስታውሰዋለች፤ እርስዎም ያን ያህል አይደክሙም።

ጠያቂ፦ እናት ከደብረ ብርሃን

ለመለሳችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጉዞው ለእሷ ብቻ አይደለም። ሰባት ዓመት የሆነው ወንድሟ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እንደምወስደው ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሷን ደግሞ የምትጠባ ስለሆነች ትቻት ልሄድ አልችልም። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው፤ እናቴ ግን አብራን ትሄዳለች። የምንሄደው በሚኒባስ ነው። አንቀልባ የለንም፤ እናቴም ወገቧን ስለሚያማት ማዘል አትችልም። ስለዚህ የጋሪው ነገር አሁንም ያሳስበኛል።

ወጣት ከጫጫ

አንቀልባ ከሁሉ ይሻላል። ጋሪው ይቅር።

ብስክሌት ጠጋኝ ከጠባሴ

እህቴ፣ የተናገሩት ስብራት በብስክሌትም በጋሪም ላይ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው፤ ዛሬ ማታ ቤትዎ ውስጥ ሊጠገን ይችላል። በመጀመሪያ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ቁራጭ ማውጣት አለብዎት። ዘንጉን ከሥሩ ክፍተት ባለው እንጨት ላይ ያስደግፉ፤ ከቀዳዳው የቀጠነ ሚስማር ጫፉን በድንጋይ ፈግፍገው ደልደል ካደረጉት በኋላ በቁራጩ ላይ አቁመው በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። ከአንዱ በኩል እምቢ ካለ ከሌላው ይሞክሩ፤ ዝገት ካለውም አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት አድርገው ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት።

ቁራጩ ሲወጣ ጎማውን ይመልሱ፤ በጎማውና በቀዳዳው መካከል ቀለበት የምትመስል ሮንዴላ ከነበረች እሷንም አይርሱ፤ ያለ እሷ ጎማው ሽቦዋን ፍቆ ይበጥሳታል። ከዚያም ጠንከር ያለ መርፌ ቁልፍ ወስደው ቀጥ አድርገው ይክፈቱት፤ ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፈው ሁለቱንም ጫፎች በፒንሳ በዘንጉ ዙሪያ ጠምዝዘው ያቆላልፉ። የልብስ መስቀያ ሽቦም ቀዳዳው ካስገባው ይሆናል። ጫፉ የልጅ ጣት እንዳይቧጥጥ ወደ ውስጥ አጥፈው በፕላስተር ይሸፍኑት። አንዳንዶች በሙጫ ያጣብቁታል፤ እኔ አልመክርም። ሙጫ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ወይ ጎማውን አንቆ ይይዘዋል፣ ወይም መንገድ ላይ ሳይታሰብ ይለቃል።

ሕፃኗን ከማስቀመጥዎ በፊት 10 ኪሎ የሚሆን ዱቄት ወይም ጤፍ ጋሪው ላይ ጭነው የቤቱን ደፍ ደጋግመው ያሻግሩት፤ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ክብደቷ 9 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ይህን ከቻለ እሷንም ይችላል። ሁለት ተጨማሪ መርፌ ቁልፍና ፒንሳውን ቦርሳ ውስጥ ይያዙ።

እናት፣ የደብረ ሲና ተወላጅ፣ አሁን አዲስ አበባ ነዋሪ

እህቴ፣ የጠባሴው ወንድማችን የነገረሽን አድርጊ፤ ቢሆንም ማዘያ ጨርቁንም ያዢ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ፣ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ የተሠራ ሰፊ ቦታ ነው፤ ተራራ እንደ መሆኑ ዳገትና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። በጋሪ የሚመቸው ንጣፉ ለስላሳ በሆነበት መንገድ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ላይ በተጠገነ ጎማ አትመኚ፤ እዚያ አውርደሽ እዘያት።

ስለ መጫወቻዎቹ ለጠየቅሽው፣ በገመድ የሚንሸራተቱበትና የመኪና እሽቅድምድሙ ለእሷ አይደሉም። ትልልቆቹን መጫወቻዎች በሌላም መዝናኛ ቢሆን «ጭኔ ላይ ይዣት ልውጣ» ብለሽ አትለምኚ። የደኅንነት ብረቱ የሚቆመው በትልቁ ሰው ጭን ላይ ስለሆነ ለሕፃኗ ክፍተት ይቀራል፤ ሲሽከረከር በክንድ ኃይል ብቻ ልጅን ይዞ መቆየት አይቻልም። ትራምፖሊንም ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም፤ ከባዱ ልጅ ሲያርፍ ቀላሉን ያስፈነጥረዋል።

ብዙ እናቶች የማያውቁት ስለ መንሸራተቻው ነው። ሕፃኑን ጭናችን ላይ አድርገን አብረን መንሸራተት ለእሱ የሚጠነቀቅ ይመስለናል፤ ነገር ግን የልጁ ጫማ ጠርዙን ሲይዝ የእኛ ክብደት ወደ ታች እየገፋው እግሩ ይጠመዘዛል፤ የቅልጥሙ አጥንት የሚሰበረውም በዚህ ምክንያት ነው። አጭሯን መንሸራተቻ ብቻዋን፣ አንቺ ከጎኗ ቆመሽ ብብቷን ይዘሽ ብታወርጃት ይሻላል። ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ በቀትር ስለሚግል አስቀድመሽ በመዳፍሽ ንኪው።

ወንድምየውን እናትሽ ትያዝልሽ፤ እሱ ሲጫወት አንቺ ከትንሿ ጋር ሣር ላይ ተቀመጪ። ስልክ ቁጥርሽን በወረቀት ጽፈሽ ኪሱ ውስጥ ክተቺለት። ትንሿ ረፋድ ላይ የምትተኛ ከሆነም ያንን ሰዓት አታዛቢባት፤ ላምበረት መናኸሪያ ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ተራራው ስትወጡ መኪና ውስጥ ትተኛለች።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ስለ ከፍታው የተነገረው እርምት ያስፈልገዋል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ተወልዳ እዚህ ላደገች ልጅ እንጦጦ አዲስ አየር አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው ለሸዋ ሮቢት ልጆች ትክክል ነው። ይልቅስ የሚያሰጋት የጥር ማለዳ ውርጭ ነው። በአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ከምትጠቀለል ይልቅ ስስ ስስ ልብሶች ተደራርበው ቢለበሱላት፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሲሞቅ አንድ በአንድ ለማውለቅ ያመቻል።

የጤና ባለሙያ ከሸዋ ሮቢት

መምህር ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ከፍታውን በተመለከተ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆኗን ልብ ማለት ይገባል። የፀሐዩና የቆሎው ምክር ግን እንዳለ ይጽና።

ጠያቂ፦ እናት ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ ከጠባሴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁራጩ ከዘይቱ በኋላ ወጥቷል። መርፌ ቁልፉ ግን ለቀዳዳው ቀጥኖ ይወዛወዛል። ሁለት አድርጌ ላስገባ?

ብስክሌት ጠጋኝ ከጠባሴ

አዎ፣ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አስገብተው እያንዳንዱን ለየብቻው ያጥፉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሁለተኛው ይይዛል። ከዚያ የዱቄቱን ሙከራ ሳያደርጉ እንዳይተኙ። ሌላኛውንም የፊት ጎማ ይዩልኝ፤ አብረው የተገጠሙ ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ስለሚያረጁ እሱም ሊለቅ የተቃረበ ይሆናል።

እናት ከሸኖ

እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ከአሥራ አራት ወር ልጄ ጋር ወደዚያው ስለምሄድ፣ ጋሪው ዳገቱን እንዴት እንደቻለው ስትመለሺ ብትጽፊልን እጠብቃለሁ።