በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሳንሱር ሳይኖር ፕሬስ የሚዳከመው በምን መንገድ ነው?

ብራና፦

ሰላም ለሁላችሁም። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ በአውሮፓ የፕሬስ ነፃነት ላይ ስለተደቀኑ አደጋዎች እያነበብሁ ነው። ሩሲያንና ቤላሩስን ለጊዜው ወደ ጎን ልተዋቸው፤ እዚያ ጋዜጠኛ በየትኛው ሕግ እንደሚታሰር ግልጽ ነው። ጥያቄዬ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮችን ይመለከታል። በእነዚህ አገሮች ሐሳብን የመግለጽ መብት በየሕገ መንግሥቱም ሆነ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 10 የተረጋገጠ ሲሆን፣ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ገጹን እያየ የሚፈቅድና የሚከለክል ባለሥልጣን የለም። ታዲያ ሃንጋሪ፣ ማልታ ወይም ስሎቫኪያ በተነሡ ቁጥር የፕሬስ ነፃነት ጠብቧል የሚባለው በምን መንገድ ጠብቦ ነው? ኅብረቱ በ2024 ያወጣቸው ሁለት ሕጎችስ ነገሩን ይለውጡታል? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጋሪት፦

ኑሮዬ ቪየና ስለሆነ የጎረቤታችንን የሃንጋሪን ጉዳይ በቅርብ እከታተላለሁ፤ ከዚያ ልጀምር። ከ2010 ወዲህ በዚያ አገር የሆነውን ለመረዳት ከወህኒ ቤት ይልቅ የባለቤትነት መዝገብን ማገላበጥ ይሻላል። ኔፕሳባድሻግ የተባለው ትልቁ የተቃውሞ ወገን ዕለታዊ ጋዜጣ በጥቅምት 2016 አንድ ቅዳሜ ጠዋት በድንገት ሥራውን አቆመ። አሳታሚው ድርጅት የሰጠው ምክንያት ኪሳራ ነበር፤ ኪሳራ መኖሩም ሐሰት አልነበረም። ይሁንና ያው አሳታሚ ድርጅት ሳምንታት ሳይቆይ ለወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለቪክቶር ኦርባን የልጅነት መንደር ወዳጅ ለሎሪንትስ ሜሳሮሽ ቅርበት ላለው ኩባንያ ተሸጠ። በኅዳር 2018 ደግሞ ለመንግሥት ቅርብ የሆኑ ባለሀብቶች ከ400 በላይ ጋዜጦችን፣ ሬዲዮዎችንና ድረ ገጾችን ያለ ምንም ክፍያ ለአንድ ፋውንዴሽን አስረከቡ። ባለሀብት ንብረቱን በነፃ ሲሰጥ ማየት ያልተለመደ ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ግን መንግሥት ዝውውሩን «ብሔራዊ ስትራቴጂያዊ ጠቀሜታ ያለው» ብሎ በመሰየም የውድድር ባለሥልጣኑ እንዳይመረምረው ማድረጉ ነው።

የዚህ አሠራር ጉልበት ያለው በማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ለመንግሥት ቅርብ የሆነው ጋዜጣ አንባቢ ባያገኝም የመንግሥት ማስታወቂያ አይቋረጥበትም፤ ነፃው ጋዜጣ አንባቢ ቢኖረውም መንግሥት ማስታወቂያ አይሰጠውም፤ የግል ኩባንያዎችም ኮንትራታቸው እንዳይነካባቸው ሲሉ ይሸሹታል። የኢንዴክስ ድረ ገጽ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ለመንግሥት ቅርብ የሆነ ነጋዴ የገዛው ድረ ገጹን ሳይሆን ማስታወቂያውን ከሚሸጥለት ኩባንያ ግማሹን ድርሻ ነበር። በሐምሌ ዋና አዘጋጁ ተሰናበተ፤ ከ70 በላይ ባልደረቦቹም በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀው፣ ብዙዎቹ በአንባቢ መዋጮ ቴሌክስ የተባለውን ድረ ገጽ አቋቋሙ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ጽሑፍ በትእዛዝ አልተሰረዘም።

የሕግ ሰው፦

ነጋሪት ያቀረቡት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማልታን በዚያ መነጽር ብቻ ማየት አይቻልም። የምርመራ ጋዜጠኛዋ ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ የራሷ ጦማር ስለነበራት ማንም ሊገዛት ወይም ከሥራ ሊያሰናብታት አይችልም ነበር። የተሞከረባት ሌላ መንገድ ነው። በጥቅምት 16 ቀን 2017 ቢድኒያ ከተባለው መንደር ቤቷ አጠገብ መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ስትገደል ከ40 በላይ የስም ማጥፋት ክሶች ተከፍተውባት ነበር፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይም በአንድ ሚኒስትር አመልካችነት የባንክ ሒሳቧ ታግዷል። ከሞተች በኋላም ብዙዎቹ ክሶች አልተቋረጡም፤ ወራሾቿ ተከሳሽ ሆነው ቀጠሉ።

የእነዚህ ክሶች ዓላማ ማሸነፍ አይደለም። ከሳሹ በመጨረሻ ቢሸነፍ እንኳ ጋዜጠኛው ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብና በችሎት ያጠፋው ጊዜ አይመለስለትም። ኅብረቱ በ2024 ያወጣውና ብዙዎች «የዳፍኒ ሕግ» የሚሉት መመሪያ ፍርድ ቤት መሠረት የሌለውን ክስ ገና ከጅምሩ እንዲዘጋና ወጪውን ከሳሹ ላይ እንዲጭን ያስችለዋል። እዚህ ላይ ግን ብራና በጽሑፍዎ ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። መመሪያው የሚሠራው ድንበር ተሻጋሪ በሆኑ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ብቻ ነው። ዳፍኒን ከከሰሷት አብዛኞቹ የማልታ ሰዎች ሲሆኑ የከሰሷትም በማልታ ፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህ በስሟ የሚጠራው ሕግ ከእነዚያ ክሶች አብዛኞቹን አይነካቸውም ነበር ማለት ነው። የሚነካው የማልታው ፒላቱስ ባንክ በአሜሪካ አሪዞና 40 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ እንደመሠረተባት ዓይነት ያለውን ክስ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን አባል አገሮች ጥበቃውን ለአገር ውስጥ ክሶችም እንዲያውሉት መክሯል፤ ምክር ግን አስገዳጅ አይደለም።

ግድያውን በተመለከተ፣ በዳኛ የሚመራው ገለልተኛ አጣሪ ቦርድ በሐምሌ 2021 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት ወንጀለኛ አይጠየቅም የሚል ድባብ በመፍጠሩ ለሞቷ ኃላፊነት እንዳለበት ደምድሟል። በእኔ አስተያየት ክሱና ቦምቡ የተያያዙት በዚህ ነው፤ ጋዜጠኛዋ ለዓመታት ብቻዋን እንድትቆም ተደርጋ ነበር።

ጥላሁን ዘወሎ፦

የሕዝብ ብሮድካስተሮችን ማንም አላነሣም። በስሎቫኪያ በየካቲት 2018 የምርመራ ጋዜጠኛው ያን ኩሲያክ ከእጮኛው ጋር በቤቱ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሰልፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፊጾ ሥልጣን ለቀቁ፤ በ2023 ተመለሱ፤ በሐምሌ 2024 የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ በሕግ ፈርሶ በሌላ ተቋም ተተካ። ዳይሬክተሩን በሕግ ማንሣት ስላልተቻለ ተቋሙን ራሱን አፈረሱት ብዬ ነው የምረዳው።

መልሶ መጠገኑም ቀላል አይደለም። በፖላንድ አዲሱ መንግሥት በታኅሣሥ 2023 የቀድሞው ገዥ ፓርቲ መሣሪያ ሆኖ የቆየውን ቴሌቪዥን አመራር በአንድ ቀን አንሥቶ የዜና ጣቢያውን ስርጭት አቋረጠ፤ ፕሬዚዳንቱ በጀቱን ሲከለክሉም ድርጅቱ ወደ መፍረስና ሒሳብ ማጣራት ሂደት እንዲገባ ተደረገ። በውጤቱ የተደሰቱ የመብት ተሟጋቾች ሳይቀሩ የአካሄዱን ሕጋዊነት ጠይቀዋል። እኔም ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ፤ ቀጣዩ መንግሥት ያንኑ መንገድ ቢከተል ምን እንደሚመለስለት አላውቅም።

ብራና፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ሕግ፣ ማለትም የአውሮፓ የሚዲያ ነፃነት ደንብ፣ ነጋሪት የገለጹትን የሃንጋሪ ፋውንዴሽን ሊያፈርስ ይችላል?

ነጋሪት፦

አይችልም። ደንቡ ከነሐሴ 8 ቀን 2025 ጀምሮ በሁሉም አባል አገሮች በቀጥታ ይሠራል፤ ሃንጋሪም በፍርድ ቤት ተቃውማዋለች። የሚዲያ ውህደቶች በብዝኃነት ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ እንዲመዘን ያዝዛል፤ ነገር ግን ወደፊት ለሚፈጸሙት እንጂ በ2018 ለተጠናቀቀው አይደለም። በዚህ ረገድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባል አያስቀይምም። የዜና ምንጭን ስለመጠበቅና ስለ ስለላ ሶፍትዌር ያሉት አንቀጾች ይሻላሉ፤ ግሪክ ውስጥ የጋዜጠኛ ስልክ ፕሬዳተር በተባለ የስለላ ሶፍትዌር መጠለፉ በ2022 ከታወቀ በኋላ አስፈላጊነታቸው አከራካሪ አልነበረም። ክልከላው ግን ሙሉ አይደለም፤ ለከባድ ወንጀሎች ምርመራ በር ተከፍቷል።

ለጽሑፍዎ ይበልጥ የሚጠቅምዎት ሌላው ክፍል ይመስለኛል። ደንቡ የመንግሥት ማስታወቂያ ለየትኛው ሚዲያ በምን ያህል ገንዘብ እንደተሰጠ በየዓመቱ ይፋ እንዲሆን፣ የሚዲያው እውነተኛ ባለቤትም በስም እንዲታወቅ ያስገድዳል። አገሮችን ለማነጻጸር አንድ መለኪያ መምረጥ ካለብዎ ያንን መረጃ ከየአገሩ የአንባቢ ብዛት ጋር ያስተያዩት፤ ገንዘቡ አንባቢውን ተከትሎ ካልሄደ ማንን ተከትሎ እንደሄደ ከባለቤቶቹ ስም ይገኛል።