ክርክር፦ በጦርነት ዋዜማ ጠላትን ክብር ያለው ሰው አድርጎ ማሳየት ይገባ ነበርን?

አወያዩ፦
ለዚህ ሳምንት ክርክር የመረጥነው በ1939 እንግሊዝ አገር የተሠራውን «ዘ ስፓይ ኢን ብላክ» (ጥቁር የለበሰው ሰላይ) የተሰኘ ፊልም ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1917 ነው። ሃርት የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ወዳሉት የኦርክኒ ደሴቶች በሌሊት ሾልኮ ይገባል። ስካፓ ፍሎው በተባለው የባሕር ሰላጤ የሰፈሩትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ለማስመታት፣ የትምህርት ቤት መምህርት መስላ የምትጠብቀው ሴትና አገሩን የከዳ የሚመስለው የባሕር ኃይል መኮንን ይተባበሩታል፤ ሆኖም ሁለቱም ለእንግሊዝ የሚሠሩ ሆነው ይገኛሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልካቹ አብሮት የሚጓዘውና የሚጨነቅለት ሰው ግን ጀርመናዊው ሃርት ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በኦገስት 1939 ሲሆን፣ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው ሴፕቴምበር 3 ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ይህን መሥራትና ማሳየት ተገቢ ነበርን?

ተስፋዬ፦
ተገቢ አልነበረም እላለሁ፤ ምክንያቴም የኪነ ጥበብ ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 14 ቀን 1939፣ ማለትም ፊልሙ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ቆይቶ፣ ጉንተር ፕሪን የሚያዝዘው ዩ-47 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከዚያው ከስካፓ ፍሎው ገብቶ «ሮያል ኦክ» የተባለውን የጦር መርከብ አሰጠመ፤ ከ800 በላይ መርከበኞች አለቁ። ልብ በሉ፦ ቦታው ያው ነው፤ የጥቃቱ መሣሪያም ያው ሰርጓጅ መርከብ ነው። ፊልሙ ለጥቃቱ ምክንያት ሆነ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክስ ሞኝነት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ክረምት ልጇን ወይም ባሏን ያጣች ሴት፣ ሲኒማ ቤት ገብታ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ እንዳይያዝ ልቧ ተሰቅሎ እንድትመለከት መጋበዝ በእኔ ሚዛን ከባድ ነገር ነው። ጠላትን ሰው አድርጎ ማየት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ሥራ ነው።

ሰናይት፦
አቶ ተስፋዬ ያነሡት ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ፊልሙን የሠሩት እነማን እንደሆኑ ግን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ዳይሬክተሩ ማይክል ፓወል እንግሊዛዊ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ኤመሪክ ፕረስበርገር ደግሞ በበርሊን ሲሠራ ቆይቶ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የተሰደደ የሃንጋሪ አይሁዳዊ ነው፤ የሁለቱ ረጅም የሥራ ጓደኝነትም የተጀመረው በዚህ ፊልም ነው። ሃርትን ሆኖ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት የበርሊን ተወላጅ ሲሆን፣ ሚስቱ አይሁዳዊት ነበረችና በ1933 አብሯት አገሩን ለቆ ወጥቷል። እንግዲህ ጀርመንን ክብር ባለው ሰው መልክ ያሳዩን ከጀርመን የተባረሩት ራሳቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች የናዚን ክፋት ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር፤ ይህን እያወቁ ሃርትን እንዲህ አድርገው መሥራታቸው የዋህነት ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ደግሞ ሰውየውን ሰው ያደረጉበትን መንገድ ተመልከቱ። ሃርት ስለ ሰብአዊነት ንግግር አያደርግም፤ ይርበዋል። በመጀመሪያው ክፍል ኪል በተባለው የጀርመን ወደብ በሚገኝ ሆቴል የሚበላ ነገር ያጣል፤ ኦርክኒ ደርሶ በመምህርቷ ቤት ቅቤ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበው መደነቅ ከዚያ የመጣ ነው። በ1916 እና በ1917 መካከል በነበረው ክረምት የእንግሊዝ የባሕር እገዳ ባባሰው ረኃብ የጀርመን ሕዝብ ለከብት በሚዘራ ሥራ ሥር እስከ መኖር ደርሶ ነበር። የአንድ ማዕድ ትዕይንት ይህን ሁሉ መያዙ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ነገር ነው።

ጌታቸው፦
እኔ በውትድርና ያገለገልሁ ሰው ነኝና አንድ ነጥብ ብቻ አክላለሁ። ሃርት ደሴቱ ላይ የሚወርደው የባሕር ኃይል ደንብ ልብሱን ለብሶ ነው፤ ሰላይ መባልንም አይወድም። ይህ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ጦርነት ሕግ የወጣው የ1907ቱ ዓለም አቀፍ የሄግ ደንብ በአንቀጽ 29፣ ሳያስመስል መለዮውን ለብሶ በጠላት ቀጠና የገባ ወታደር እንደ ሰላይ አይቆጠርም ይላል። ሲያመልጥ ግን የፓስተር ልብስ ይለብሳል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ጥበቃ የለውም። የፊልሙን ርእስ የማነበውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ጥቁሩ ልብስ ሃርት እስከዚያ ድረስ የተከላከለለትን መኮንንነቱን ሸፍኖታል። ስለዚህ አቶ ተስፋዬ፣ ፊልሙ ለጠላት የሰጠው ክብር ያለ ገደብ የተሰጠ አይደለም። መጨረሻውንም ያስታውሱ፤ ሃርት ምርኮኛ ጀርመናውያንን አስፈትቶ የያዛትን የመንገደኞች መርከብ የሚመታት የራሱ ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ እርሱም አብሯት ይሰጥማል።

አስቴር፦
ሁላችሁም ስለ ሃርት ብቻ ስትናገሩ ስለ እውነተኛዋ መምህርት አንድ ቃል አልሰማሁም። አን በርኔት ትባላለች። አዲስ ወደ ተመደበችበት ትምህርት ቤት ስትጓዝ የጀርመን ሰላዮች መኪናቸው ላይ አሳፍረው፣ አደንዝዘው፣ ከገደል ወደ ባሕር ይጥሏታል። ይህ የሚሆነው ገና በመግቢያው ነው። እኔም የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ሆኜ ስለሠራሁ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደማታውቀው ቦታ የምትሄድ ወጣት ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ፤ ያንን ትዕይንት በቀላሉ ማለፍ አልቻልሁም። ያ ቅቤ የቀረበበት ማዕድ እኮ የእሷ ሊሆን የነበረ ቤት ውስጥ ነው! ወይዘሪት ሰናይት፣ ለሃርት ያዘኑበት ልብዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የእሱ ክብር የተገዛው በእሷ መጥፋት ላይ ዓይናችንን በመጨፈን ከሆነ፣ ጠላት ሰው መሆኑ ሳይሆን ሰው የመሆን ድርሻው ለማን ተቆርሶ ለማን እንደቀረ ነው የሚያከራክረን።

ሰናይት፦
ወይዘሮ አስቴር፣ ትናንት ማታ መግቢያውን ደግሜ አየሁት፤ ያሉት ልክ ነው፤ ስለ ማዕዱ ስጽፍ ቤቱ የማን እንደነበር ማንሣት ነበረብኝ። ሆኖም ከዚህ ተነሥተን እንዲህ ያለው ፊልም ይከልከል ወደ ማለት እንዳንሄድ እሰጋለሁ። በ1943 እነዚሁ ሁለት ሰዎች ስለ ኮሎኔል ብሊምፕ በሠሩት ፊልም ጥሩ ጀርመናዊ ስላሳዩ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ሥራውን ለማስቆም ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። የፕረስበርገር እናት ኦሽዊትዝ በተባለው የናዚ የእልቂት ካምፕ ሞተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጠላትን እንዴት መሳል እንዳለበት ከሚኒስትር መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሊጠብቅ ይገባው ነበር የሚል ካለ ክርክሩን ያቅርብ።

ተስፋዬ፦
ይከልከል አላልሁም፤ ጊዜው አልነበረም ነው ያልሁት፤ አሁንም በዚያው ላይ ነኝ። የወይዘሮ አስቴርን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ ግን ምክንያቴን ላስተካክል እፈልጋለሁ። ያስከፋኝ ለሃርት የተሰጠው ክብር መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሃርት ሊያሰጥማቸው የመጣባቸው መርከቦች ውስጥ በየአልጋቸው የተኙ መርከበኞች ነበሩ፤ ፊልሙ ለሃርት ራት የሰጠውን ደቂቃ ያህል እንኳ ከእነርሱ ለአንዱ ቢሰጥ ኖሮ፣ በዚያው ኦክቶበር ከልጇ ሞት በኋላ ፊልሙን ያየች እናት የምታውቀውን ፊት ታገኝበት ነበር።