ቻርቲስቶቹን ያከሸፋቸው ኦኮነር ነው?

የሸገር ልጅ፦ እስቲ እንከራከር። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1838 ሠራተኞች «የሕዝብ ቻርተር» ብለው ስድስት ጥያቄ አነሱ፤ ቻርቲስቶች የተባሉትም በዚህ ነው። 21 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ ይምረጥ፣ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ፣ የፓርላማ አባል ደመወዝ ይከፈለው ይላል። መሪዎቹ ግን ተጣሉ። አናጢው ዊልያም ላቬት በትምህርትና በማሳመን አመነ። ጠበቃው ፈርገስ ኦኮነር አደባባይ ወጥቶ አስፈራራ። ነገሩን ያበላሸው እሱ ነው።

መምህሩ፦ ልክ ነህ። ኖቬምበር 1839 ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ላይ ቻርቲስቱ ጆን ፍሮስት ሺዎችን አስከትሎ ዌስትጌት ሆቴል ደረሰ። ወታደሮች ከውስጥ ተኮሱ። 20 ያህል ሰው አለቀ። ጉልበት ያተረፈው ይህንን ነው።

የጎንደሯ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወሩን ያስተውሉ። 1.28 ሚሊዮን ሰው የፈረመበት የቻርተሩ አቤቱታ ፓርላማ ውስጥ በ235 ለ46 የወደቀው ጁላይ ላይ ነው። ላቬትም የታሰረው በዚያው ወር ነው። ጥፋቱ ምን ነበር? በርሚንግሃም ውስጥ ፖሊስ በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን የሚያወግዝ ጽሑፍ ላይ ፈረመ። አንድ ዓመት ተፈረደበት። ኒውፖርት ገና አራት ወር ይቀረው ነበር። ለስላሳውም መሪ እስር ቤት ገብቷል እኮ! ጉልበት አበላሸው የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም።

የሊድሱ፦ እህቴ እውነቷን ነው። የምኖረው የኦኮነር ጋዜጣ «ኖርዘርን ስታር» በተጀመረበት ከተማ ነው። ዋጋው አራት ተኩል ፔኒ ነበር፤ ለሸማኔ ውድ ነው። ስለዚህ አዋጥተው አንድ ይገዛሉ። ማንበብ የሚችለው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከብቦ ያዳምጣል። ይሄ ትምህርት ካልሆነ ምንድነው?

የሸገር ልጅ፦ ጋዜጣውን ተቀብያለሁ። የ1848ቱ አቤቱታስ? ኦኮነር 5.7 ሚሊዮን ፊርማ አለን አለ። የፓርላማ ጸሐፊዎች ሲቆጥሩት 2 ሚሊዮን አልሞላም። የንግሥቲቱ ስም ሳይቀር ተፈርሞበት ተገኘ። መሪ ሲያጋንን የሚዋረደው ተከታዩ ነው።

የጎንደሯ፦ እዚህ ላይ አልሟገትህም፣ ጥፋት ነው። ግን አቤቱታው በቀረበበት ቀን ለንደን ውስጥ ኬኒንግተን ሜዳ ላይ ፖሊስ ሰልፉ የቴምዝን ወንዝ እንዳይሻገር ሲከለክል፣ ሕዝቡን ወደየቤታችሁ ግቡ ያለው ከኦኮነር ሌላ ማን ሆነና? አቤቱታው ብቻውን በጋሪ ተጭኖ ሄደ። ሁለተኛ ኒውፖርት አልሆነም።

መምህሩ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ተረትቻለሁ። ግን ዊልያም ካፊን ለምን ረሳችሁት? የለንደን ልብስ ሰፊና የቻርቲስቶች መሪ ነው፤ አባቱ የካሪቢያኗ ሴንት ኪትስ ደሴት በባርነት የተወለደ። በ1848 ታስሮ ወደ ታዝማኒያ ተጋዘ። ምሕረት ሲደረግለት እንኳ አልተመለሰም። እዚያው ለሠራተኛ መብት ሲሟገት ኖሮ በ1870 በድሆች መጦሪያ ሞተ። እኔ ከላቬትም ከኦኮነርም እሱን አስቀድማለሁ።