ክሮሞሊ ቱቦ በእጅ ሌዘር ቢበየድ ለአውሮፕላን ይታመናል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ለራሴ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። አካሉ 4130 ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ቱቦ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 0.9 ሚሊሜትር። ፕላኑ ቲግ ብየዳ (በኤሌክትሪክ ቅስትና በመከላከያ ጋዝ የሚሠራው) ይላል። እኔ ግን በእጅ የሚያዝ የሌዘር መበየጃ አገኘሁ። ፈጣን ነው፤ ቱቦውንም ብዙ አያጣምምም።

አንድ የሙከራ መገጣጠሚያ ሞርሳ ላይ አስሬ አጎበጥኩት። ብየዳው ራሱ ንክች አላለም። ከጎኑ ግን፣ ሰማያዊ ቀለም ባወጣው ጠባብ መስመር ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየኝ። በቲግ የበየድኩት ተጣጥፎም አልተሰነጠቀም። የሌዘር ሙቀት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ብረቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ክሮሞሊ ደግሞ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል። ጥርጣሬዬ እሱ ነው።

ፍሪክሽን ስተር ብየዳንም አስቤ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈው፣ ብረቱን ሳያቀልጥ የሚያዋህደው ማለቴ ነው። ኢክሊፕስ 500 ጄት ላይ ተሠርቶበታል። ግን ለአሉሚኒየም ሉህ እንጂ ለቀጭን ቱቦ መጋጠሚያ አይመችም።

ቱቦውን አስቀድሜ ባሞቀው ይበቃል? ወይስ ከብየዳ በኋላ በችቦ ማለዘብ ግድ ነው? በተለይ የሞተር መያዣው ያስጨንቀኛል፤ ንዝረቱ ሁሉ እዚያ ነው። በዚህ መንገድ በይዶ፣ ቆርጦ ጥንካሬውን የለካ ካለ ያገኘውን ይንገረኝ።