«ዊሽ» እና «ሆፕ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ግሦች በሥራ ደብዳቤ ላይ እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከሚሠራ የቡና ላኪ ድርጅት ሠራተኛ

ጤና ይስጥልኝ። በውጭ አገር ላሉ የቡና ገዢዎች የሚላከውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምናዘጋጀው እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነን፤ ሰሞኑን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መስማማት አቃተን። ናሙናው በደኅና እንዲደርስ ያለንን ተስፋ ለመግለጽ እርሱ «ዊ ዊሽ ዘ ሳምፕል ዊል አራይቭ ሴፍሊ» ይላል፤ እኔ ደግሞ በ«ዊሽ» ፈንታ «ሆፕ» መግባት አለበት ባይ ነኝ። ሁለቱም መልካሙን የሚመኙ ግሦች ከሆኑ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ደግሞስ በደብዳቤ መዝጊያ ላይ «ዊ ዊሽ ዩ ሰክሰስ» ማለት ትክክል የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት

እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። ሁለቱን ግሦች የሚለያቸው የምኞቱ ብርታት ሳይሆን ተናጋሪው ነገሩን የሚያይበት ዓይን ነው። ናሙናው ገና በመንገድ ላይ ስለሆነ መድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ «ሆፕ» ይገባል፤ ተከታዩም ግስ «ዊል አራይቭ» ወይም «አራይቭስ» ቢሆን ያስኬዳል። የመድረሻው ቀን አልፎ ወሬው ብቻ ካልተሰማ ደግሞ «ዊ ሆፕ ዘ ሳምፕል ሃዝ አራይቭድ» ይባላል።

«ዊሽ» ሙሉ ሐሳብ ሲያስከትል ግን ነገሩ እንደተመኘነው አለመሆኑን አብሮ ይናገራል። ይህን ለመረዳት ከራሳችን ቋንቋ የተሻለ አስተማሪ የለም። በቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆሞ ደመናውን የሚያይ ሰው «ምነው ዛሬ ፀሐይ በወጣች» ቢል፣ የሚናገረው ስለ ዛሬ ሆኖ ሳለ ግሡ «ወጣች» የሚለውን የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ይዟል፤ ፀሐይም አለመውጣቷን ማንም ሰሚ ይረዳል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ስለ አሁን እየተናገረ ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይመልሰዋል፦ «አይ ዊሽ ኢት ወር ሳኒ ቱዴይ»። ቁጭቱ ስላለፈ ነገር ከሆነ፣ እኛ «ምነው ቀደም ብለን ልከነው ቢሆን ኖሮ» እንደምንለው፣ እንግሊዝኛው አንድ እርምጃ ተጨማሪ ወደ ኋላ ሄዶ ፓስት ፐርፌክት የሚባለውን፣ «ሃድ» የሚቀድመውን የግስ ቅርጽ ይጠቀማል፦ «ዊ ዊሽ ዊ ሃድ ሴንት ኢት ኧርሊየር»። ተማሪዎቻችን ይህ ዝምድና ቀድሞ ቢነገራቸው ደንቡን በቃል ለመያዝ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር።

«ዊ ዊሽ ዩ ሰክሰስ» የተለየ አገባብ ነው። ግሡ ያስከተለው ሙሉ ሐሳብ ሳይሆን ሰውንና ስምን ብቻ ስለሆነ ምርቃት ይሆናል። «ሆፕ» በዚህ አገባብ ፈጽሞ አይገባም።

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መምህርት ካስረዱት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ«ዊሽ» በኋላ «አይ ወር» የሚለው በጽሑፍ የሚመረጥ ሲሆን፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን «አይ ዎዝ» ማለትም የተለመደ ነው። «ዊ ሆፕ ዩ ቱ ካም» የሚለው አገባብ ደግሞ ስህተት በመሆኑ «ዊ ሆፕ ዩ ዊል ካም» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ክፍያ ለዘገየበት ገዢ «ዊ ዊሽ ዩ ዉድ ፔይ ሱነር» ብለን ብንጽፍ ያስኬዳል?

መልስ፦ ከመምህርቷ

በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ለገዢ ግን እንዲጽፉት አልመክርም። «ዊሽ» ከ«ዉድ» ጋር ተጣምሮ ስለ ሌላ ሰው ሲነገር በአብዛኛው በሰውየው አድራጎት መማረርን ያሳያል፤ አንባቢውም ደብዳቤውን እንደ ወቀሳ ሊወስደው ይችላል። «ዊ ሆፕ ዩ ዊል ቢ ኤብል ቱ ሴትል ዘ ፔይመንት ዚስ ዊክ» ቢሉ ጥያቄዎ ሳይላላ አክብሮቱ ይጠበቃል። የደብዳቤው መግቢያ ላይ «ዊ ዊሽ ቱ ኢንፎርም ዩ» ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ግን እርሱን አትንኩት፤ እዚያ ቦታ «ዊሽ» በጨዋ አነጋገር «እንፈልጋለን» እንደ ማለት ስለሆነ ቁጭትም ቅሬታም የለበትም።